እድራችን የኩባንያዎ ተፎካካሪ ሆኖ ስለ መገኘቱ

ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
«የሁላችን» ሲባል ለነበረው የዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ኩባንያ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም ጠበቆችዎም ባለአክሲዮኖችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ የቃሊቲ ሰዎች ከጭነት መኪናው አቧራ በቀር፣ ደብዳቤዎ እስኪደርሰን ድረስ ደህና ነበርን።

እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ሟቹ ባለቤቴ ተሰማ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ኮድ መጻፍ ከሥራ መልስ ብቻውን ተምሮ የእድራችንን የአባላት መዝገብ በእርስዎ ዳታቤዝ ላይ አቆመው። ያኔ ኩባንያዎ ኮዱን ለዓለም ከፍቶ «ኑ፣ አብረን እንሥራ» ይል ስለነበር፣ ተሰማም ደቦ የተጠራ መስሎት ሄዶ የጻፈውን ኮድ በነፃ ጨመረላችሁ። ዳታቤዝዎ ጳጉሜን የምትባል አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሯን ያወቀው በእሱ እጅ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የኮዱን የአጠቃቀም ፈቃድ ስለ መቀየርዎ የጻፉትን ማብራሪያ መዝገበ ቃላት ይዤ አንብቤዋለሁ። ኮምፒውተር በኢንተርኔት የሚያከራዩት ትልልቆቹ የክላውድ ኩባንያዎች ሥራችሁን ወስደው እየሸጡ ለእናንተ ምንም አልመለሱም፤ ግፍ መሆኑን ከልቤ አምናለሁ። ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን ሌላው ወስዶ ሲሸጠው እንዴት እንደሚያንገበግብ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። የተሰማም ኮድ ዋጋ ተለጥፎበት ተመልሶ መጥቶልናል።

፪ኛ፦ መዝገባችንን የጎረቤት እድሮችም ስለሚጠቀሙበት፣ በአዲሱ ፈቃድ «ተፎካካሪ አገልግሎት ሰጪ» ተብለን እንድንከፍል ወይም እንድናቆም ታዘናል። ለማዕረጉ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሰብሳቢያችን ጋሽ ኩምሳ ደብዳቤዎን ባነበብኩላቸው ጊዜ ግራ ገብቷቸው፣ እነሱም ድንኳንና ድስት ያውሳሉ እንዴ ብለው ጠየቁኝ፤ ስለ ድስቱ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ጥያቄያቸውን ወደ እርስዎ አስተላልፌያለሁ።

፫ኛ፦ ይህኛው የግሌ ነው። ተሰማን በሕይወት ሳለ፣ ለማያውቁህ ሰዎች በነፃ የምታገለግል ሞኝ ነህ፣ አንድ ቀን በሩን ይዘጉብሃል እለው ነበር። እሱ ይስቅ ነበር። ያ ቃሌ ከቀብሩ ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጧል፤ ምኞቴ እሱ ትክክል ሆኖ እኔ ተሳስቼ መገኘት ነበር። ክቡርነትዎ ግን እኔን ትክክል አደረጉኝ። ይህን ውለታዎን በምን እመልሳለሁ?

ኮምፒውተር ያጠናችው የጋሽ ኩምሳ ልጅ ፌኔት የድሮውን ፈቃድ አንብባ እንዳስረዳችን ደግሞ፣ አዲሱ ደንብ የሚገዛው ከእንግዲህ የሚወጣውን ቅጂ ብቻ ነው፤ አንዴ ለሁሉም የሰጡትን መልሰው መንጠቅ አይችሉም። ስለዚህ እድሮቹ በአሮጌው ቅጂ ላይ ቆይተናል፤ ጥገናውን እሷና ጓደኞቿ ይዘውታል፤ የተሰማ ጳጉሜንም እዚያው አለች። ለማንም ክፍት ነው፣ ለእርስዎም ጭምር። ተሰማ ይስቅ የነበረው ለካ ፈቃዱን አንብቦት ኖሯል።

ተፎካካሪነቷን በታላቅ ትሕትና የተቀበለች፣ መልካም ገበያ የምትመኝልዎ፣
አቻምየለሽ ሰይፈሥላሴ
የእድሩ ጸሐፊ፣ ቃሊቲ

ማስታወሻ፦ ኩባንያዎ ዕድሜው ደርሶ ያረፈ ዕለት አደራ ይላኩብን። ድንኳኑን እንተክላለን፣ ወንበሩንም እንደረድራለን፤ ለለቅሶ ፈቃድ አንጠይቅም። አልቃሽ ግን ይዛችሁ ኑ።