የሪካ ሥዕል የጠፋበት ሰሞን

ፌብሩዋሪ 3፣ ማክሰኞ

ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። ጎረቤታችን ኦሊ መኪናው አልነሳ ብሎት ሲራገም በመስኮት አየሁት። በሩን ከፍቼ "ድርቆሽ አብላው!" አልኩት። በረዶ መጥረጊያውን ወረወረብኝ። አልመታኝም... ዕድሜ ለዓይኑ ሞራ።

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ላውጋ እንደ ልማዷ ፀጉሯን አበጥራ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። እህቷ ሪካ ቫንኩቨር ሆና ትጠብቃታለች። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ካለን ሦስት ዓመት ሆነው። ስንቱ ነገር ከእጇ ወጣ። ምድጃ ከለከልናት። መኪና ከለከልናት። የልጅ ልጃችንን ሲግኒን እንኳ አንዳንድ ቀን "ያቺ ረጅሟ" ነው የምትላት። ይቺን ግን ማንም አልነካባትም። ማውሱን ይዛ የሪካ ፎቶ ያለባትን ትንሽ ሥዕል ሁለቴ ጫን ታደርጋለች... ሪካ ብቅ። ማንም ሳይረዳት የምትሠራው፣ የቀራት ነገር ይኸው ነው።

ከኋላ ቆሜ "ሪካ፣ ዛሬም ጥርስሽን ረሳሽው?" አልኩ።

"አንተ ገና አልሞትክም?"

ላውጋ ሳቀች። ጥሩ ቀን።

ፌብሩዋሪ 4፣ ረቡዕ

ኮምፒውተሩ ስንት ሳምንት ነዘነዘኝ። አዲሱ ሲስተም ደርሷል፣ ልጫን ወይ? ልጫን ወይ? ዛሬ ከምሳ በኋላ "ጫንና ተገላገለኝ!" ብዬ እሺውን ተጫንኩለት። በር ላይ የቆመ ሻጭ እንደማባርር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሽከረከር ቆየ። ምን ቸገረኝ፣ ጋደም አልኩ።

ፌብሩዋሪ 5፣ ሐሙስ

ምንም የለም። ባዶ ሰማያዊ ገጽ። አንድም ሥዕል አልቀረም።

ላውጋ ማውሱን ወደምታውቀው ቦታ ወሰደች። ሁለቴ ጫነች። ደገመች። ከዚያ ዞራ አየችኝ።

"ስቴይኒ፣ የት አደረግካት?"

"ማንን?"

"ሪካን።"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ባል አግብታ ይሆናል።"

በሰማንያ አራት ዓመቷ! ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። ዛሬ አልሳቀችም። "መልሳት" ብቻ አለችኝ።

ለሪካ በስልክ ደወልኩና መነጋገሪያውን ሰጠኋት። ትንሽ ሰማችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ይቺ ሪካ አይደለችም። ፊት የላትም።"

ሪካ ከጠረጴዛው ላይ "ሃሎ... ሃሎ..." ትላለች።

ፌብሩዋሪ 6፣ ዓርብ

ሲግኒ ከዊኒፔግ ደወለች። የምትሠራው ሰው ሁሉ ኮምፒውተር በሚገባው ቢሮ ውስጥ ነው።

"አያቴ፣ ምን ነክተህ ነው?"

"ምንም። በበረዶ መብሻው ትንሽ ጎረጎርኩት እንጂ።"

"አያቴ!"

"እሺ... እሺ ብዬው ነው።"

ባዶው ገጽ ላይ በማውሱ ቀኝ በኩል ጫን በል አለችኝ። ዝርዝር ወጣ። "አይከኖችን፣ ሥዕሎቹን ማለት ነው፣ አሳይ የሚል አለ? አጠገቡ ጭረት አለው?" የለውም። "አድርግበት።" አደረግኩበት።

ሁሉም ተመለሱ። ግን ፊት የሌላቸው፣ ነጭ ወረቀት ብቻ። ስም አላቸው፣ መልክ የላቸውም።

"ሁሉም ሞተው መናፍስት ሆነዋል" አልኳት። ሲግኒ ሳቀች። ላውጋ ግን ነጮቹን አንድ በአንድ አየችና ተነስታ ሄደች። ለምን ነው ይህን ቀልድ ጮክ ብዬ ያወራሁት?

ፌብሩዋሪ 7፣ ቅዳሜ

ኮምፒውተሩ የሥዕሎቹን መልክ የሚያኖርበት ፋይል አለው አሉ። እሱ ነው የተበላሸው። "አጥፋው፣ ራሱ አዲስ ይሠራል" አለችኝ ሲግኒ። ማጥፋት! በስልክ እጄን ይዛ፣ ቃል በቃል እየነገረችኝ አጠፋሁት። ሪስታርት።

ቀለማቸው ተመለሰ። ካርታ ጨዋታው፣ የአየር ሁኔታው፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር። ከሪካ በቀር ሁሉም።

ሪካን የምናገኝበት የድሮው መደወያ ፕሮግራም ከአዲሱ ሲስተም ጋር አይስማማም። ሲስተሙ ሲገባ እሱን አውጥቶ ጥሎታል። አዲስ መጫን አለበት። ሲግኒ ነገ መጥቼ ልሥራው ብላ ነበር፤ መንገዱ በበረዶ ተዘጋ።

ፌብሩዋሪ 9፣ ሰኞ

አዲሱን መደወያ እኔው ጫንኩት! ሲግኒ በስልክ፣ እኔ በመነጽር። የሪካን ፎቶም ለጠፍኩበት።

ከዚያ ያን ታላቅ ስህተቴን ሠራሁ። አርባ ስድስት ክረምት ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥምጃለሁ። መረብ ማለት ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይዛነፍ ነው። ሥዕሎቹንም እንደዚያ ደረደርኳቸው፤ በግራው ጠርዝ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ክር ቀጥ ያሉ። ሪካን ከሁሉም በላይ፣ እንድትታይ ብዬ። ኮራሁ።

ላውጋ ተቀመጠች። እጇ ግን ወደዚያ አልሄደም። ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ሄዶ ባዶ ቦታ ላይ ሁለቴ ጫነ። ደግሞ ሁለቴ። ደግሞ።

"እዚህ ናት እኮ፣ ይቺውና!" ብዬ ቀማኋትና ጫንኩላት። ሪካ ብቅ አለች። "የኔ ቆንጆ!" አለች።

ላውጋ ፊቷን ከስክሪኑ አዞረች። "አንተ ነህ የጠራሃት። ያንተ እንግዳ ናት" አለችኝ። ተነሳች።

ሪካ ታለቅስ ነበር።

ፌብሩዋሪ 10፣ ማክሰኞ

አልተቀመጠችም።

ፌብሩዋሪ 12፣ ሐሙስ

ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ ሽቦ ስነካካ ላውጋ ከበላዬ ቆመች።

"ጌታዬ፣ ገና አልጨረሱም?"

ዛሬስ ተራዋን ልትቀልድብኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። "እመቤቴ፣ ኮምፒውተርዎ አርጅቷል፤ ልክ እንደ ባልዎ" አልኳት። ሳቀች። በሳምንቱ የመጀመሪያ ሳቋ።

ከዚያ የፕሪም ኬክ ቆርሳ አመጣችልኝ። ባለ ወርቅ ጠርዙ የእንግዳ ሳህን ላይ። ሃምሳ ሰባት ዓመት በትዳር ስንኖር በዚያ ሳህን አብልታኝ አታውቅም።

እየበላሁ አየኋት። እየቀለደች አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 14፣ ቅዳሜ

"እኔ እኮ ነኝ፣ ስቴይኒ" አልኳት ጠዋት። ደነገጠች። ወደ ኋላ አፈገፈገች። "ባለቤቴ አሁን ይመጣል" አለች፣ በሩን እያየች። ሁለተኛ አልሞክረውም።

ግን አንድ ነገር ታየኝ። ከበረዶው ሥር መረብ ስንዘረጋ ገመድ የሚስብ ሳንቃ በቀዳዳ እንሰዳለን። ሳንቃው ከሥር ኳ ኳ እያለ ይሄዳል፤ ከላይ አንድ ሰው ድምፁን እየሰማ ይከተለዋል። ሳንቃው የቆመበት ላይ ነው በረዶው የሚበሳው። ሳንቃው እዚህ ይቁም ብሎ የሚያዝ የለም፤ መከተል ነው። እኔ ገመዱን ስጎትት፣ ላውጋ ነበረች የምትከተለው። ጆሮዋን የሚያህል በሐይቁ ላይ አልነበረም።

እና እኔ ምን አደረግኩ? እጇን ወደ ሥዕሉ ጎተትኩት። እጇን አልተከተልኩትም።

"እመቤቴ፣ ልሞክረው ነበር፤ እስቲ አንዴ ይቀመጡልኝ" አልኳት። እኔ ባሏ ብለምናት እምቢ ያለችው፣ ለሠራተኛው ተቀመጠች። እጇ ሄደ። የማውሱ ቀስት የቆመበት ላይ የስክሪኑን መስታወት በቁራጭ ፕላስተር ምልክት አደረግኩበት።

ፌብሩዋሪ 16፣ ሰኞ

ሦስት ቀን፣ ሦስት ፕላስተር። ሦስቱም ተነባብረዋል ማለት ይቻላል። ስክሪኑ ታች ጥግ ላይ ካለው ሰዓት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በቀኝ በኩል። ስሜን የረሳችው ሴትዮ የሪካን የድሮ ቦታ በጣት ስፋት እንኳ አልሳተችውም።

ሪካን ጎትቼ እዚያ ሳደርሳት እየዘለለች ወደ ግራው ሰልፍ ትመለሳለች። ለሲግኒ ደወልኩ። "ሥዕሎቹን ራስህ ደርድር የሚለው ትእዛዝ በርቶ ነው፤ ጭረቱን አንሳው" አለችኝ። አነሳሁት። ሪካ ባለችበት ቀረች። ፕላስተሩን ላጥኩ።

ፌብሩዋሪ 17፣ ማክሰኞ

አራት ሰዓት። ተቀመጠች። እጇ ሄደ። ሁለቴ ጫን።

"የት ጠፍተሽ ነው?!" አለች ሪካ።

"እኔ? አንቺ ነሽ የጠፋሽው!"

ወጥ ቤት ገብቼ ማቀዝቀዣው ላይ ተደገፍኩ። ከዚያ ሆኜ ሰማኋቸው። "ስቴይኒስ የታል? ዛሬ አይሰድበኝም?" አለች ሪካ። ላውጋ "ገና አልመጣም" አለቻት።

ሪካ ሳቀች። የኔ ተንኮል መስሏታል።

ፌብሩዋሪ 20፣ ዓርብ

መንገዱ ተከፈተ፣ ሲግኒ መጣች። ላውጋ "ጌታው ደግ ሰው ናቸው፣ በየቀኑ ይመጣሉ" አለቻት እኔን እያሳየች። ሲግኒ መኪናዋ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ሄጄ መስኮቱን አንኳኳሁ። "መኪናሽን ድርቆሽ ላበላው?" ብል ባሰባት።

"አያቴ፣ አዲሱ ሲስተም አይደለም ያመጣው። በሽታው ነው። ይመጣ ነበር፣ አንድ ቀን።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

አውቃለሁ እንዴ? ያን ሁሉ ቀን ጠረጴዛው ሥር ባልገባ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ በፕላስተርና በመፍቻ መሐል ባልሰነብት... ያኔስ ባሏ ሆኜ ትንሽ አልቆይላትም ነበር? አንድ ክረምት? አንድ ወር? እሺ ያለው ጣት የማን ነው?

ማንን ልጠይቅ።

ማርች 1፣ እሑድ

አሥራ ሦስት ቀን ሆነ፤ አንድም ቀን ሳትስት በራሷ ደውላለች። ሲስተሙ ደግሞ አዲስ ነገር ልጫን ወይ ብሎ ነበር። ሲግኒ መጠየቁንም ዘጋችበት።

እኔ አሁን በየጠዋቱ ኮቴን ለብሼ በጓሮ በር እወጣለሁ። በፊት ለፊት በር አንኳኩቼ እገባለሁ። "ኮምፒውተሩን ልይልዎት?" እላለሁ። "ይግቡ፣ ብርዱ አይምታዎት" ትለኛለች። ኦሊ በመስኮቱ ያየኛል። አይስቅብኝም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ከሪካ ጋር ጨርሳ ዘወር ስትል ልቤ አልቻለም፣ ጠየቅኳት።

"ባለቤትዎ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?"

አሰበች። "ያስቀኛል። አንዳንዴ ያበዛዋል።"

"የት ሄዱ?"

"ሐይቁ ላይ ነው። ዘንድሮ ቆየ።" እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። "ካገኙት ይንገሩልኝ። ሪካን አግኝታታለች ይበሉት። እኔው ራሴ ነኝ ያገኘኋት። እሱ እኮ ሲቀልድ ነው እንጂ፣ ጭንቀታም ነው።"

"እነግራቸዋለሁ" አልኳት።

ይኸው፣ ስቴይኒ። አግኝታታለች። ራሷ ናት ያገኘቻት።