ኦርጅናል ነው ያልኩት ጃኬት

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

እመኑኝ አልኳቸው። በዚህ ጊዜ እንኳን እመኑኝ፣ በጌታ ስም ኦርጅናል ነው፣ ምን አስዋሸኝ አልኳቸው… ውሸቴን ነው።

ምን ላድርግ? ገና ፀጉር ቤት እግሬ ሲገባ አለቃዬ ይመኙሻል ጀመረችኝ። አለቃ ስለሆነች ያሻትን ትናገራለች። «ውይ መስኪ! የዘበኛ ካፖርት ነው እንዴ? ዱላውስ የታለ?» ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። የማይሰሙት እንኳን ሳቁ። እኔ ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ ያጠራቀምኩበት ነው። ደሜ ፈላ። «የፓይለት ነው! ከአሜሪካ የመጣ፣ እውነተኛ ፓይለት የለበሰው! የሸጠልኝን ጀማለዲንን ጠይቁት!» አልኩ።

ይመኙሻል ደወለችለት። ድምፁን ከፍታ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ጀማለዲንም «ኦርጅናል ነው እህቴ፣ አንድ ብቻ ነበር» አለ። ሁሉም ወደ መስታወታቸው ዞሩ። ደስ አለኝ… እንዴት ደስ አለኝ!

እዚህ ግን እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። ጀማለዲን አላታለለኝም። ቅዳሜ ስገዛው «የድሮ የአሜሪካ ፓይለቶች የሚለብሱትን አይተው አሁን ቻይና የሰፉት ነው። ኮፒ ነው። ግን ዚፑን እዪው፣ ጨርቁን እዪው» ብሎኛል። እኔ ነኝ «ጀማል በናትህ፣ ማንም ቢጠይቅህ ኦርጅናል ነው በል» ያልኩት። ሳቀ። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» አለኝ።

ግን ያምራል። አረንጓዴ ነው፣ ከውስጥ ብርቱካናማ። ክንዱ ላይ እስክሪብቶ መክተቻ አለው። ደረቱ ላይ በተሰፋ ቆዳ ክንፍ ተስሎ ስም ተጽፏል፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነበብኩት፣ ካፒቴን ዋልተን። ስለብሰው ትከሻዬ ይሰፋል። መንገድ ላይ ቀና ብዬ ነው የምሄደው።

ከሥራ ስመለስ አንገቱ ላይ ያለችውን ጨርቅ በምላጭ ቆረጥኳት። ቻይና ትላለች። ምድጃ ውስጥ ጣልኳት። ነደደች።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

መናኸሪያ ጋ ባጃጆቹ ሁሉ «ካፒቴን! ካፒቴን!» አሉኝ። አንዱማ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ሰምቻለሁ።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወንድሜ ጌታሁን ጃኬቱን ይነካካል። «እውነት ኦርጅናል ነው?» አለኝ። እሱ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ብርድ እሱን ነው የሚመታው፣ እውነቱን ብነግረው ምን ይጎድልብኛል? ግን ጓደኞቹ ቆመው ያዩናል። «ኦርጅናል ነው» አልኩት። «ማን ይሙት?» አለ። «እማዬ ትሙት» አልኩ።

ለወንድሜም። ወይኔ አፌ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ጌታሁን ተይዟል። ቦዲቲ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ነው ያለው።

ጠዋት «ብርድ ነው፣ ያንን ካፒቴን ስጪኝ» አለ። ለባጃጁ ዕቃ ሊገዛ ነው የሚሄደው። ሰጠሁት። ስድስት ሰዓት ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ፣ እሱ ነው፣ በፖሊስ ስልክ። ኬላ ላይ ሰው ሁሉ ከሚኒባስ ወርዶ ሲፈተሽ «ይሄን የወታደር ልብስ ከየት አመጣኸው?» ብለውታል። ፋሽን ነው ቢል እኮ አልቋል! ቀልደው ይለቁት ነበር! እሱ ግን ደረቱን ነፍቶ «ኦርጅናል ነው፣ እውነተኛ ፓይለት የለበሰው ነው» አላቸው። ጻፉት። ፈረመበት። የማይረባ! ማን ጠየቀህ?… ማን አስተማረው ግን? እኔ።

«መስኪ አንቺ ንገሪያቸው» አለኝ። ድምፁ ቀጥኗል። ጌታሁን እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ፖሊሱ ስልኩን ተቀበለው። ሳጅን ቦልቴ ነኝ አለ። ጋሼ ኮፒ ነው፣ የሸጠልኝን ሰው ይጠይቁት ብዬ የጀማለዲንን ቁጥር ሰጠሁት። እፎይ አልኩ። አለቀ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ መልሶ ደወለ። «አንቺ ልጅ፣ ትቀልጃለሽ? ሰውዬው ኦርጅናል ነው፣ አንድ ብቻ ነበር አለኝ እኮ!»

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

እሳት ለብሼ ነው ጀማለዲን ሱቅ የገባሁት። ሰው ነበረ፣ አላየሁትም።

«ለምን ኦርጅናል አልከው!»

«ፖሊስ ነኝ አላለኝማ! ስለ መስከረም ጃኬት ልጠይቅህ አለኝ። ሰኞ ዕለት ከናንተ ፀጉር ቤት ሦስት ሴት ደውላለች። ለሦስቱም ኦርጅናል ብያለሁ። እሱንም የአንዷ ባል መስሎኝ ነው። አንቺ አይደለሽ በል ያልሽኝ?»

«በቃ አሁን ደውልና ኮፒ ነው በል!»

«ወላሂ መስከረም፣ ትላንት ኦርጅናል ዛሬ ኮፒ ካልኩ እኔንም ጠቅልለው ነው የሚወስዱኝ። ሦስት ልጅ አለኝ እኮ እህቴ።» ላቡን ጠረገ። በዚህ ብርድ።

እሺ ሌላ አንድ ስጠኝ፣ አንድ ዓይነት መሆኑን ላሳያቸው አልኩት። አልቋል አለ። ሌላው ለጊፋታ በዓል ነው የሚመጣው አለ። አስራ ሁለት ነበር፣ ሁሉም ተሸጧል።

አስራ ሁለት! እዚሁ ሶዶ!

«ለማን ለማን ሸጥክ? ንገረኝ።»

መሬት መሬት አየ። «አልችልም። እነሱም ኦርጅናል ነው በል ብለውኛል።»

ልስቅ ነበር። አለቀስኩ። የገበያውን ሰው ሁሉ ልሰድበው አማረኝ። አስራ አንድ ሰው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፣ አንድ ጌታሁን ብቻ ሲሚንቶ ላይ ይተኛል።

ከዚያ ለሚርያም ደወልኩ። ትልቋ እህታችን ናት፣ ቢጠና ከተማ ግብርና ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ከኛ ቤት የመንግሥት ሥራ ያላት እሷ ብቻ ናት። «ሚሪ፣ ጌታሁን ታሰረ» አልኳት።

«ደግሞ ጀመርሽ?»

«በጌታ ስም!»

«የጌታን ስም ተይው። በምን ታሰረ?»

«በጃኬት…»

ዘጋችው።

አልፈርድባትም… አይ እፈርድባታለሁ! እህቴ አይደለችም? ግን የግንቦቱስ? ግንቦት ላይ እማዬ ሆስፒታል ገባች ብዬ ደውዬላት ነበር። ዝናብ ነው፣ መኪና አጥታ በሞተር መጣች፣ ጭቃ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። እያነከሰች ስትገባ እማዬ ደጅ ቁጭ ብላ የምሳ ቦይና ትልጣለች። «ማን ሞተ?» አለች እማዬ በወላይትኛ። ሚርያም እኔን ብቻ አየችኝ። ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ናፍቃኝ ነበር። ነይ ብላት ሥራ አለኝ ነው የምትለው። ናፍቃኝ ነው።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ሶፊ ልትታጠብ መጣች። ይቺ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራው፣ ጥፍሯን እያየች የምታወራው። ለብሳዋለች! አረንጓዴ፣ ውስጡ ብርቱካናማ። አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለችው።

ፀጉሯን ሳሙና እየቀባሁ አንገቴን አሰገግኩ። ካፒቴን ዋልተን።

«ሶፊዬ፣ ጃኬትሽ ያምራል።»

«ኦርጅናል ነው። እጮኛዬ ከአዲስ አበባ ነው ያመጣልኝ።»

እጄ ቆመ። «ይሄ ካፒቴን ዋልተን ግን ስንት ጃኬት ነበረው?» አልኳት።

«ምን?»

«አንዱ ጃኬቱ አንቺ ጋ ነው፣ አንዱ ቦዲቲ ፖሊስ ጣቢያ ወንድሜ ጋ ነው። ከጀማለዲን ነው የገዛሽው ሶፊ። እኔም ከሱ ነው የገዛሁት። ኮፒ ነው!» ጮህኩ። ይመኙሻል ማበጠሪያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። የኔም ውሸት አብሮ ወጣ፣ ግድ አልሰጠኝም። ሰኞ የሳቁት ይሳቁ።

ሶፊ ከነአረፋዋ ተነሳች። «ባለጌ! እኔን ካንቺ ጋር?» አለች። ውሃው ፊቷ ላይ ይወርዳል።

ተንበረከክሁ። ማንም ፊት ተንበርክኬ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ አውሺኝ፣ ጎን ለጎን ላሳያቸው፣ ወንድሜ ነው አልኳት። ይመኙሻል መሃል ገባች። «ሶፊ፣ እኛ እዚህ ያለን ሁላችን አውቀናል። አሁን ለማን ነው የምትደብቂው?»

ጃኬቱን ወረወረችልኝ። «ስሜን እንዳትጠሪ! ከጠራሽ አለቀልሽ» አለች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ፀጉሯ መታጠብ አለበታ። አጠብኳት።

ነሐሴ 16፣ አርብ

ቦዲቲ ነኝ። ጣቢያው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ሌሊቱን ሙሉ እኔንም ያስቀሩኛል እያልኩ ነበር። ጀማለዲንም «ራስሽ ሄደሽ ዋሸሁ ካልሽ አንቺንም ይይዙሻል» ብሎኛል። ሚኒባስ ውስጥ ሁለቴ ልወርድ ነበር። ግን ማን ይሂድልኝ?

ሳጅን ቦልቴ ሸምገል ያለ ሰው ነው። የጌታሁንን ጃኬት ከመሳቢያ አወጣልኝ፣ የሶፊን ከጎኑ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩለት። ስሙን አየ። ክንዱ ላይ ያለውን እስክሪብቶ መክተቻ አየ። ዚፑን ከፈተ፣ ዘጋ። የአንዱን አንገት ገለጠ፣ «ቻይና» የሚለው የሶፊ ጨርቅ አልተቆረጠም፣ እሷ ማን ያየዋል ብላ ትታዋለች። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«ያንቺ… የወንድምሽ ለምን የለውም?»

«እኔ ቆርጬው ነው ጋሼ።»

«ኦርጅናል ነው ያለውስ ማነው?»

«እኔ ነኝ። ወንድሜ አያውቅም። ሻጩም እኔ በል ብዬው ነው፣ እሱ ሲሸጥልኝ ኮፒ ነው ብሎኛል።»

«ለምን?»

ብዙ ነገር አፌ ላይ መጣ። አስፈራርተውኝ፣ ታምሜ፣ ገንዘብ ልሠራበት… እያንዳንዱ አምሮ ነው የመጣው። «እንዳይስቁብኝ» አልኩ።

መነጽሩን መልሶ አውርዶ አየኝ። የሚመታኝ መሰለኝ። ከዚያ ሳቀ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ሌላውን ፖሊስ ጠራው፣ «ና ተመልከት፣ ሁለት ካፒቴን ይዣለሁ!» ሳቁብኝ። ስንት ነገር ያደረግኩት ይሄ እንዳይመጣ ነበር። መጣ። አልሞትኩም። ተናደድኩ እንጂ… ሦስት ቀን ሙሉ ልጅ አስረው ይስቃሉ!

«አምንሻለሁ» አለኝ በኋላ። ከፖሊስ አፍ ይሄን እሰማለሁ አላልኩም። «ግን ወንድምሽ ፈርሞበታል። እኔ ብቻዬን ልቀደው አልችልም። ዋስ አምጪ፣ የመንግሥት ደመወዝ ያለው ሰው። ዛሬ አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስሙን አስመዝግቢ፣ ነገ ጠዋት መጥቶ ይፈርማል፣ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ካልሆነ ሰኞ ፋይሉ ወደ ላይ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ እኔ የለሁም።»

ጌታሁንን በአጥር በኩል አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል። ዳቦ ሰጠሁት። «ኮፒ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ዳቦውን ይዞ ጀርባውን ሰጠኝ።

ለሚርያም ስድስት ጊዜ ደወልኩ። አታነሳም። መልእክት ጻፍኩ። መጀመሪያ «ጌታሁንን ደበደቡት፣ ደም ተፋ» ብዬ ጻፍኩ። ይሄን ብታይ በእግሯም ትመጣለች። ጣቴ መላኪያው ላይ ነበር። ጉልበቷ ትዝ አለኝ። አጠፋሁት። «እማዬ ወደቀች» ብዬ ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁት። ጌታ ይፍረድብኝ፣ እውነቱ እንዴት ትንሽ ነው! ማን ለጃኬት ብሎ ከቢጠና ይነሳል?

አስር ሰዓት ተኩል ሆኗል። የላክሁት ይሄ ነው፣ እንዳለ ልገልብጠው፦

«ሚሪ፣ መስከረም ነኝ። ጌታሁን ቦዲቲ ፖሊስ ጣቢያ ነው። አልተመታም። አልታመመም። እማዬም ደህና ናት። የታሰረው በኔ ጃኬት ነው፣ የወታደር ልብስ መስሏቸው፣ እኔ ኦርጅናል ነው ብዬ ስለዋሸሁት። ዛሬ ለፖሊሱ እውነቱን ነግሬዋለሁ። አምኖኛል። ዋስ ያስፈልገዋል፣ ካንቺ ሌላ የመንግሥት ደመወዝ ያለው ሰው የለንም። ዛሬ ስምሽን ላስመዝግብ፣ ነገ ጠዋት መጥተሽ ትፈርሚያለሽ። በሞተር እንዳትመጪ፣ ጭቃ ነው። የግንቦቱ ናፍቀሽኝ ነበር። ሌላ የምጨምረው የለኝም። እሺም በዪ እምቢም በዪ፣ ብቻ አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደውዪልኝ።»