መብራት ሲሄድ አብረው ስለሚሄዱት አሥራ ሁለት ስልኮቻችን

ለክቡር ዶን ኤውሪፒዴስ ታቫሬስ
የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ላ ቬጋ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አለሁ፤ ደህና ነኝ ለማለት ግን አፍራለሁ።

በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ዶኛ ኦኔይዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሠሩበት የእንግዳ መቀበያ «ስልክ አያነሱም» ተብለው ስለተባረሩ ነው። መባረራቸውን ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ምክንያቱንም ይስማ።

አንደኛ፣ በኢንተርኔት የሚሠሩ የጠረጴዛ ስልኮች እንድመርጥ ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ዓይነት ቀርቦልን ነበር። እርስዎ በደወሉ ቁጥር ፎቶግራፍዎ ብቅ የሚልበትን ወደዱት፤ እኔም ወዲያው ወደድኩት።

ሁለተኛ፣ መብራት በቀን ሦስቴ በሚሄድበት ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ ስልኮቹ ከመጠባበቂያው ባትሪ ጋር መገናኘታቸውን ሳላይ «ተረጋግጧል» ብዬ ፈርሜያለሁ። ባትሪው ለካ የሚያገለግለው የክቡርነትዎን የአየር ማቀዝቀዣ ብቻ ነው። አሮጌው ስልክ ሲነቀል ዶኛ ኦኔይዳ፣ «ራዳሜስ ልጄ፣ ይሄኛው እኮ መብራት ኖረም አልኖረም ይጮኻል! ያንተ ቆንጆ ዝም ሲል ሰው በምን ላናግር፣ በጫማዬ?» ብለውኝ ነበር። ሳቅሁባቸው። ያ ሳቅ አሁን ያሳፍረኛል።

ሦስተኛ፣ እሳቸው በተባረሩበት ስብሰባ ላይ አርባ አንድ ያልተነሱ ጥሪዎች ሲነበቡ፣ ዶኛ ኦኔይዳ ወደ እኔ ዞረው «ንገራቸው እንጂ!» አሉኝ። እርስዎም አዩኝ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ከፍቼ ባዶውን ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን አንሥተው ሲወጡ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። በዚያው ሳምንት ስለ መልካም ምርጫዬ የምስጋና ወረቀት ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጄ ሳሎን ልትሰቅለው ስትል ከእጇ ቀማኋት።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለራሴ የቀረኝ አክብሮት ግን ጥቂት መሆኑን በትሕትና እየገለጽኩ፣

የቢሮ ዕቃዎች ኃላፊ
ራዳሜስ ኬሳዳ

ማሳሰቢያ፦ ከስልክ አገልግሎት ሰጪው ያመጣሁትን የጥሪዎቹን ሰዓት፣ መብራት ከጠፋባቸው ሰዓቶች ጋር አስተያይቼ ዛሬ ጠዋት ለከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አስገብቻለሁ፤ አርባ አንዱም ይገጥማሉ። በአቤቱታው ቅጽ ላይ «ጥፋተኛ» በሚለው ቦታ መጀመሪያ የራሴን ስም ጽፌያለሁ። ክቡርነትዎን ከእኔ በታች ለማስፈር በመገደዴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።