ኽምጣናዬን ያረመችው ልጅ

ውዴ ጥሩወርቅ፣

ከተለየሽን ሦስተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ወለል ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ይጮኻል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ሽማግሌ ሰው ወለል ላይ ምን ያደርጋል ብለሽ እንደምትገረሚ አውቃለሁ፤ እሱን ልነግርሽ ነው የምጽፍልሽ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ሳሎን የለንም። ሕፃናትን በጨዋታ የሚረዳው ማኅበርሽ የተከራየውን ቤት ባለቤቶቹ ለልጃቸው ሲፈልጉት፣ ሕፃናቱን ይዘን መሄጃ አጣን። ሶፋውን ለጎረቤት ሰጥቼ ሳሎናችንን የመጫወቻ ክፍል አደረግሁት። ማንም በጫማ እንዳይረግጠው ስትጠብቂው የኖርሽው ምንጣፍ ላይ ዛሬ ከጭቃ የተሠሩ ፍየሎች፣ አህዮችና ሦስቱም ጎማው የጠፋ አንድ ባጃጅ ተኮልኩለውበታል። ባጃጅ ስንት ጎማ እንዳለው ለሠሪው ልጅ ባስረዳውም ‘ቆሞ ነው’ ብሎ መለሰልኝ።

አንቺ ካረፍሽ፣ አርባሽ ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው፣ የቦርዱ ሰዎች መጡ። ሥራውን የሚመራ ሰው ካልተገኘ ማኅበሩ መዘጋቱ ነው አሉኝ፤ ሰው እስኪገኝ ድረስ እንድይዝላቸው ለመኑኝ። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ስለ ሕፃናት የአእምሮ ጤና ምን ያውቃል? እሺ ያልሁት ዐውቄ አይደለም፤ ያንቺ ድካም ተቆልፎ ሳየው እንዳልውል ብዬ ነው።

ደግሞም ዕዳ ነበረብኝ፤ የቃል ዕዳ። ጤና ጣቢያ ነርስ ሳለሽ፣ ለክትባት ከሚመጡት ሕፃናት መካከል ፊት አይተው የማይፈኩትን፣ ሲስቁላቸው የማይስቁትን እየለየሽ ትጨነቂ ነበር። “የሚያተኩሰውን ልጅ ሁሉም ያየዋል፤ የማይስቀውን ማን ያየዋል?” ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ደግሞ “ልጅ ማጫወትም ሥራ ሆነ?” ብዬ ቀለድሁ። አልሳቅሽም። ሥራሽን ለቀሽ ማኅበሩን ስታቋቁሚም አላገዝሁሽም። ያንን ቀልዴን ይቅር በይኝ።

የመጀመሪያው ወር ውርደት ነበር። ልጆቹን በሰልፍ አስገባኋቸው፤ ስም ጠራሁ፤ “ቀጥ በሉ” አልሁ። አራት ዓመት እንኳ ያልሞላቸውን! አንዱ አለቀሰ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ሰላም፣ ሳይኮሎጂ ተምራ እንደጨረሰች አንቺ የቀጠርሻት ልጅ፣ ልጆቹን እያቀፈች አባበለች። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ግን ቆመው ሲያዩዋቸው ተራራ ነው የሚያክሉባቸው፤ ቢቀመጡ ይሻላል አለችኝ። ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተነሣሁም።

ለምለም የመጣችው ጥምቀት እንዳለፈ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ነች። አባቷ አያሌው ከአበርገሌ ተፈናቅሎ ሰቆጣ የገባ ገበሬ ነው፤ እዚህ ድንጋይ እየፈለጠ ነው የሚያድረው። እናቷ ለሥራ ዐረብ አገር ሄዳለች። ቤታቸውን ጥለው ከወጡ ወዲህ ከልጅቱ አፍ አንድ ቃል አልወጣም። ጠበል ወስዷታል። ጠበሉን አትተው፣ እኛም ጋ አምጣት አልነው።

ሰላም ተረት ነገረቻት፣ ሥዕል አሳየቻት፣ ዘፈነችላት። ለምለም ግድግዳውን ታያለች። ሳምንታት አለፉ። አያሌው ወደ ሥራ ሳይሄድ በፊት ደጃፍ ላይ ትንሽ ይቀመጣል። ግባና አብረሃት ተጫወት ብንለው አፈረ፤ ወንድ ሰው ከሕፃናት ጋር ጭቃ ሲያቦካ ማን አይቶ ያውቃል አለን። አንድ ቀን ግን እኔን ለብቻዬ አገኘኝና፣

“ጋሼ፣ ከደከማችሁ አልቀየማችሁም” አለኝ። “መባነኗ ቀንሷል። ለኔ እሱም ይበቃኛል።”

ለኔ ግን አልበቃኝም።

በማግስቱ ነጠላዋን ሲያስርላት ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር ሲላት ሰማሁ። በኽምጣና ነበር፤ ባንቺው የአገው ቋንቋ። ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ሳምንት ያባበልናት በአማርኛ ነው። ሰላም የደሴ ልጅ፣ እኔ የደብረ ታቦር፤ አፏን በፈታችበት ቋንቋ ከመካከላችን የሚያናግራት አልነበረም። አንቺ ብትኖሪ በመጀመሪያው ቀን ታውቂው ነበር።

ቋንቋሽን ተማር ብለሽ ስንቴ ለመንሽኝ። እናትሽ በሕይወት ሳሉ ባወራኋቸው ቁጥር መሐላችን ተቀምጠሽ የምታስተረጉሚው አንቺ ነበርሽ፤ እኔም ነገ እማራለሁ እያልሁ ሠላሳ ዓመት አለፈ። አሁን በስተርጅና ደብተር ገዛሁ። አያሌው ወደ ክፍሉ መግባት ቢያፍርም ማስተማሩን እሺ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሁለት ሁለት ቃል ያስጠናኛል። ዕድሜ ልኬን ተማሪ ስቀጣ ኖሬ፣ የቤት ሥራ ሳልሠራ ስመጣ የሚሰማውን ሐፍረት ቀመስሁት።

አንድ ጠዋት ከለምለም አጠገብ ቁጭ ብዬ የጭቃ ፍየል አነሣሁ። በኽምጣና ‘ይቺ ፍየል ናት’ ልል ነበር። ምን እንዳልሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አያሌው እንደሆነ አክብሮኝ አይነግረኝም። ለምለም ዞር ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ልታለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ።

ሳቀች። ጥሩዬ፣ ሳቀች።

ከዚያ ፍየሏን ከእጄ ወሰደችና ቃሉን አስተካክላ ተናገረችው፤ ቀስ ብላ፣ ለማይገባው ተማሪ እንደሚደገምለት። ደገምሁት፤ ተሳሳትሁ። ራሷን ነቅንቃ እንደገና አለችው። አያሌው ድምፅዋን ከደጃፍ ሰምቶ ከነጫማው ገብቶ ምንጣፍሽ መሐል ተንበረከከ። ምን አልሽ ልጄ አላት፤ ይህቺን እንኳ ተረዳኋት። መልሷን ግን እያለቀሰና እየሳቀ የተረጎመልን እሱ ነው።

“ይሄ ሽማግሌ ፍየል ማለት አይችልም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ አባባ ፍየል ነው። ገበያ መሐል ይጠሩኛል፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ እየሰሙ። እኔም አቤት እላለሁ።

ለምለም አፏን በአንድ ጊዜ አልፈታችም። አንዳንድ ቀን ትናገራለች፣ አንዳንድ ቀን ዝም ትላለች፤ ዝም ስትል አጠገቧ ዝም ማለትን ሰላም አስተማረችን። እናቷ በስልክ ድምፅዋን የሰማች ዕለት ማውራት አቅቷት፣ ወሬውን ሁሉ የያዘችው ልጅቱ ነበረች። ኽምጣና የሚችሉ ሁለት እናቶች ቀጥረናል። አያሌው ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሎች አባቶችን ይዞ ይመጣል፤ እጃቸው ድንጋይ የለመደ ነውና የሚሠሩት የጭቃ በሬ ካልሲ ውስጥ የተጠቀጠቀ ድንች ይመስላል። ልጆቹ ይስቁባቸዋል፤ አባቶቹም ይስቃሉ። ጽጽቃ ከተማ ላይ ሁለተኛ ቤት ከፍተናል። ሁሉም ልጅ ግን እንደ ለምለም አልሆነልንም፤ ሳይሻላቸው ወላጆቻቸው ይዘዋቸው የሄዱ አሉ፤ እነሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለቦርዱም ሌላ ሰው መፈለጉን እንዲተዉት ራሴ ነገርኋቸው።

ባለፈው ሳምንት የልጃገረዶቹ በዓል ሻደይ ነበር። የሻደይ ሣራቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ግቢያችን ገቡ። ከትንንሾቹ መሐል ለምለም አለች፤ ሣሩ ቁመቷን በልጦ መሬት ይጠርጋል። የቤቱን ባለቤት ሊያወድሱ ስሜን ጠየቁኝ። እኔ ግን ጥሩወርቅ በሉ አልኋቸው። ለምለም ከሁሉ በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተቀበለች። ስምሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግቢውን ሞላው፤ ጎረቤቶች አጥር ላይ ሆነው እልል አሉ፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ጨፈርሁ።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው፤ እኔ እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ ሻደይ ሲመጣ በዚህ ግቢ የሚዘፈነው ስም ያንቺ ነው። እኔ ባልኖርም ልጆቹ ስምሽን ይዘውታል።

ባለቤትሽ
ዘውዱ