የአንድ ጠዋት ተመራጭ

እታለሜ፣

ይህ ደብዳቤ ሳልሽ ለቆሽ፣ ልጆችሽም በሰላም ውለው በገቡበት ቀን ይድረስሽ። ባለቤትሽስ ወገቡን እንዴት አደረገው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። አባባም ይበላል፣ ይተኛል፣ ከሬዲዮው ጋር ይጨቃጨቃል። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

ለአባባ የላክሽው የእንኳን ደስ አለህ ደብዳቤ ደርሶታል። ጋዜጣችን እናንተም ከተማ እንደሚገባ ረስቼው ነበር። መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበልን። «ፎቶህን ከነኮትህ ሳየው ጎረቤቶቼን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ» ያልሽው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ አጠፈውና «ማን ይንገራት?» አለ። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔ እጽፍላታለሁ አልኩ።

እህቴ፣ አባባ አልተመረጠም። በሠፈራችን ወንበር የከተማው ምክር ቤት የገባው የፋርማሲው ባለቤት ነው። ጋዜጣው ተሳስቶ ነው፤ ጋዜጣውን ያሳሳትኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ገጽ የሚያቀናብረውን ባልደረባዬን ባለፈው ስትመጪ አይተሽዋል፤ ረጅሙን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነውን። ቢሮ ውስጥ «ጭርታ» ነው የምንለው። ዱላም ዘፈንም የሌለበት፣ ሰው አዳራሹን ጥሎ የሚወጣበት ፊልም ካለ እሱ እዚያ አይጠፋም። አንቺ ያኔ «ይሄ ልጅ ሲያይሽ ዓይኑን አያርገበግብም» ብለሽ ስትቀልጂብኝ ተቆጥቼሽ ነበር። አሁን አልቆጣም።

የምርጫው ዕለት እሁድ ነበር፤ ቢሮ አልገባንም። አባባና እማዬ ገና በማለዳ ድምፃቸውን ሰጥተው ተመለሱ። እማዬ ቀለም የነካ አውራ ጣቷን ለመጣው ሁሉ ስታሳይ ዋለች። እኔ አርፍጄ ስወጣ ምርጫ ጣቢያው ያለበት ትምህርት ቤት ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ነበር። ጭርታ ደግሞ የባህል አዳራሹ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ፊልሙ የሚታየው ለዚያች ቀን ብቻ ነው ብሎኛል። ስመለስ ይቀላል ብዬ ሰልፉን አልፌ ሄድኩ።

ፊልሙ ላይ አንዲት ሴት ቤቷን ልትሸጥ ለገዢ ክፍል በክፍል ታሳያለች። ገዢው አይታይም፣ አይናገርም። እሷ ብቻ ናት፤ «እዚህ ጋ ፀሐይ ትገባለች፣ ይህች በር በክረምት አልከፈት ትላለች» እያለች ትዞራለች። መጨረሻ ላይ አንድ በር ትከፍትና ቆማ ታያለች፤ እኛ ግን ክፍሉን ሳናየው ፊልሙ ያልቃል። ከኋላችን የነበሩት ሰውዬ «ይሄን ለማየት ነው እንዴ ከቤቴ የወጣሁት?» ብለው እያጉረመረሙ ወጡ። እኛ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጠን ስለዚያ ክፍል ስንከራከር ፀሐይዋ ጠለቀች። ስመለስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ ዘበኛው ግቢውን ይጠርግ ነበር።

ቤት ስገባ አባባ በር ላይ ጠበቀኝ። እጄን ያዘና ጣቴን አየ። መቼም እኔ የእርማት እስክሪብቶ ሲተፋብኝ የምኖር ሰው ነኝ፤ ጣቴ ከቀለም ጠርቶ አያውቅም። «ተባረኪ ልጄ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እራት ቀርቦ ነበር፤ ገብቼ በላሁ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ በስልክ እየተንጠባጠበ መግባት ጀመረ። ጭርታ የዕጩዎቹን ፎቶ ይደረድራል፤ እኔ ገጹን አይቼ «ይታተም» ብዬ እፈርማለሁ። ሥራው ሲያሰለቸን ድሮ ይሠራበት የነበረውን ጋዜጣ ጉድ ያወራልኝ ጀመር። አንዴ «መራጮች ከማለዳው ተሰለፉ» ሊባል «መራዦች ከማለዳው ተሰለፉ» ተብሎ ወጣ አለኝ። ሕዝቡ በሙሉ መርዘኛ ሆኖ አደረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ዕጩው በከፍተኛ ድምፅ አሸነፉ» የሚለው «በከፍተኛ ድምፅ አሸለቡ» ሆኖ ታተመ፤ ሰውየው ደግሞ እውነትም ስብሰባ ላይ የሚያንኮራፉ ነበሩ አሉ። እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። እኛ እንዲህ ያለ ስህተት አይወጣንም ብዬም ፎከርኩ።

ከሳቁ መለስ ስንል ያቺን የፊልሟን ክፍል አነሳት። «ባዶ ናት፤ ባዶነቷን ላለማሳየት ነው» አለ። እኔ ደግሞ «ባሏ ነው የተኛው፤ ታሞ ነው፤ አብራ ልትሸጠው ነው እንዴ?» አልኩት። በመሀል «የእናንተ ሠፈር የቱ ነው ያለፈው?» አለኝ፤ ሁለት ፎቶ ላይና ታች አድርጎ። እኔ አሁንም ስለ ባልየው እያወራሁ ነው። ሳላይ «የታችኛው» አልኩት። የላይኛውን አነሳ፤ የታችኛውን ከነስሙ «ተመረጡ» ከሚለው ሥር አስቀመጠ። ገጹ ታትሞ መጣልኝ፤ እየሳቅኩ ፈረምኩ።

ስህተቱ ከታወቀ በኋላ ዋና አዘጋጁ «የገዛ አባትሽን ፊት አታውቂውም?» ብሎ ጠየቀኝ። ቢሮው ግማሹ «አባቷን ሾመች» ብሎ አምቶኛል። እውነቱን ለመናገር ሐሜቱ ይሻለኛል፤ ቢያንስ አባቷን የምትወድ ልጅ አድርጎኛል።

ማክሰኞ ጠዋት ከምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ተደውሎ ስህተቱ ሲነገረን ቦርሳዬን እንኳ ሳላነሳ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ለቅስቀሳ ሲዞር በር ያልከፈቱለት ሁሉ ተኮልኩለው «እኛማ ድሮም እናውቅ ነበር» ይላሉ። አባባ የለም። እማዬ «ፋርማሲ ሄዷል፤ ያን ምስኪን ላጽናናው ብሎ» አለችኝ።

ስደርስ ከፋርማሲው እየወጣ ነው፤ ያንን ግራጫ ኮት ለብሶ። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ አንቺ ልጅ ሳለሽ ነው ያየሽው፤ እኔ አስታውሼው አላውቅም ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ ነገርኩት። እሱም ቀስ ብሎ «ሰውየው ወንበር ሰጥቶ፣ ውሃ ቀድቶ፣ እስክጨርስ አዳመጠኝኮ። ሽንፈት የሰው ነው፣ አይዞህ፣ አብረን እንሠራለን አልኩት። እሺ ጋሼ አለኝ» አለ። ለፋርማሲስቱ ለካ የማሸነፉ ደብዳቤ ጠዋት ደርሶት ኪሱ ውስጥ ነበር። እኔ አለቀስኩ። አባባ ኮቱን አስተካከለና «ቆይኝ፤ ተመልሼ እንኳን ደስ አለህ ልበለው» ብሎ ገባ።

እቤት ሲመለስ ሳሎኑ ባዶ ነበር፤ ወሬ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ስህተቱን ማን እንደሠራ ያኑ ዕለት ነገርኩት። ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። «አንድ ጠዋት መመረጥ ስንቱ ቀናው?» አለኝ። ለእኔና ለጭርታም ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ተሰጠን፤ ማረሚያውም ከውስጥ ገጽ ጥግ ላይ ወጣ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍልሽም ነበር።

ሐሙስ ዕለት የጥንት ተማሪው የነበረች፣ እኛ ጣቢያ ድምፅ የቆጠረች መምህርት ልትጠይቀው መጣች። አባባ አላስቀምጥ አላት፤ በሌላው ጣቢያ የቀድሞ ተማሪዎቹ ብዙ ድምፅ ሰጥተውት ነበርና «የእኛስ ጣቢያ ስንት ሰጠኝ?» አለ። እያፈረች «በእኛ ጣቢያ ሁለት ድምፅ ነው ያገኙት» አለችው።

ጎረቤቶቹ እንዳልሰጡት ያኔ ገባው፤ እሱን ዋጥ አደረገው። ቀና ብሎ ግን «እኛ ሦስት ነን» አለ። እማዬ እጇን አገጯ ላይ አደረገች፤ «እኔ ነኛ! ይሄ ዓይኔ ነው። ምልክቱን ሌላ ላይ አድርጌው ይሆናል» አለች። አባባ «ስንት ዘመን አብረን ኖረን ድምፅሽን ለፋርማሲስት ሰጠሽብኝ?» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲህ መርፌ ላይ ክር አታስገባም፤ «እኔ ምን አያለሁ?» ትላለች። ለብቻዋ ሆና አውራ ጣቷን ስታገላብጥ አገኛታለሁ። አባባ ዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዞላታል። እኔ ነኝ የማደርሳት።

እታለሜ፣ ለእማዬ ለብቻዋ ጻፊላት። ዓይንሽ ደህና ነው በያት። አንቺ ስትይው ታምናለች። እንዴት አወቅሽ ብላ ብትጠይቅሽ፣ ምን እንደምትመልሺላት ለአንቺ ትቼዋለሁ፤ እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሌላ ወሬ ይወጣኛል።

አምላክ ጎጆሽን ይጠብቅልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። እኔንም በዓይንሽ ፊት አያቅለኝ።

የምትወድሽ ታናሽሽ