ሰው ፊት አንተ ልበልህ

ውድ ኬላ፣

ስሙን ያወጣሁልህ እኔ ስለሆንኩ ዛሬም በእሱ ልጥራህ። ምድር ቤት፣ ገመድ በገመድ በሆነች ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ የሚጠብቅ፣ ይሄ ይለፍ ይሄ አይለፍ የሚል ሰው ከኬላ ሌላ ምን ይባላል? መጀመሪያ ቅር ብሎህ ነበር። ኋላ ግን ራስህ ጠዋት ጠዋት "ኬላው ክፍት ነው" እያልክ ትጽፍልኝ ጀመር።

እንዴት ነህ? ቅርንጫፉ ተስማማህ? ወደ ቅርንጫፉ መድኃኒት የሚያመላልሰው ሾፌር ከስቷል ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ለምን እዋሽሃለሁ? ናፍቀኸኛል። ደረጃው ላይ የማንም ጫማ ሲሰማ ቀና እላለሁ፤ ሌላ ሰው ሲሆን ሰውየውን ያለ ጥፋቱ እጠላዋለሁ። ፕሪንተሬ ሲበላሽ እንኳ እንደ ድሮው ደስ አይለኝም።

በፕሪንተር አይደል የጀመርነው? ከመድኃኒት ቤቶች የመጣ ትዕዛዝ ተከምሮብኝ፣ መጋዘን እየጮኸብኝ፣ "እባክዎ፣ ፕሪንተሬ ሞተ" ብዬ ጻፍኩልህ። "ነፍስ ይማር፣ ቀብሩ መቼ ነው?" አልከኝ። ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የምትቀመጠው ሒሳብ ሠራተኛ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀችኝ። አፈ ጉባኤ እንላት የለ፣ የቢሮው ወሬ ሁሉ በእሷ በኩል ካላለፈ ወሬ አይሆንም። የወንድሜ ልጅ ቀልድ ላከልኝ አልኳት። ወንድም እንደሌለኝ ታውቃለች።

ከዚያ ወዲህ እዚያች የመልእክት መስኮት ውስጥ አንተና አንቺ ሆንን። እዚያች ውስጥ ብቻ። ኮሪደር ላይ እርስዎ፣ ደረጃ ላይ እርስዎ፣ ሻይ ሰልፍ ላይ "ይቅደሙ"፣ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ"። ሰልፉ በእኛ ይቅደሙ ይቆም ነበር። ምን ላድርግ? በዕድሜ እበልጥሃለሁ፣ አግብቼ ፈትቻለሁ፣ የአፈ ጉባኤ ዓይን ደግሞ ከጀርባዬ አይጠፋም። መስኮቷ ውስጥ እርስዎ የምትለኝ ስታኮርፍ ብቻ ነበር። "እንደ ፈቀዱ" ብለህ ስትጽፍ ነገር እንደገባ ይገባኛል፤ "አንተ ልጅ ተው" እልሃለሁ፤ ትስቃለህ፤ እንታረቃለን።

ያን ቀን ጠዋት ግን ቀልድ አልነበረህም። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አልክ። ከዚያ "ሰው ፊት አንተ ትይኛለሽ?" ብለህ ጻፍክ።

ሌላ ሰው ቢያነበው ምን ትልቅ ነገር አለው ይላል። እኔ ግን ምን እንደጠየቅኸኝ ገብቶኝ ነበር። ተነስቼ ውኃ ልቀዳ ሄድኩ፤ ብርጭቆውን ይዤ ውኃ ሳልቀዳ ተመለስኩ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ ጻፍኩ።

እኔ ከቃል ጋር ስታገል አለቃችን አዳራሽ ውስጥ ለእንግዶች የኮምፒውተሩን መስኮት ግድግዳ ላይ አስፍቶ የሽያጭ ዕቅድ ያስረዳል። አፈ ጉባኤ ለጓደኛዋ ብላ ለሁላችንም ላከችው፦ "ይሄ ሰውዬ ዛሬም አይጨርስም እንዴ? ራበኝ"። ግድግዳው ላይ፣ በዕቅዱ መሃል፣ እንግዶቹ ፊት ዱብ። ሳቅ እስከ እኛ ድረስ ተሰማ። መልእክቱ፣ ጨዋታው፣ ኳሱ፣ ዘፈኑ ሁሉ በዚያው ጠዋት እንዲዘጋ ተባለ። አለቃው ወንበር ስቦ አጠገብህ ተቀምጦ "አሁኑኑ፣ እኔ እያየሁ" እንዳለህ ያኔ አላወቅኩም። ያወቅኩት ቅርብ ጊዜ ነው።

መልሴን ላክሁ። መስኮቷ ነጭ ሆነችና ጽሑፍ መጣ፦ "ይህ ለሥራዎ አያስፈልግዎትም። እባክዎ ወደ ሥራዎ ይመለሱ።"

ክው አልኩ። ለሁሉም የመጣ ማስታወቂያ እንደሆነ ወዲያው ነው የታወቀው፤ ቢሮው በሙሉ ሲንጫጫ ነበር። ቢሆንም ቃሉ ያንተ ነው፤ አጻጻፍህን አላጣውም። እርስዎ ደግሞ የኩርፊያህ ቋንቋ ነው። መልሴን አንብበህ፣ ደንግጠህ፣ በሩን በላዬ ላይ የዘጋህ መሰለኝ። ምነው ደረጃ ወጥተህ ብትነግረኝ ብዬ እስከ ማታ ጠበቅኩህ። አልመጣህም። ሆዴ ባሰው፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ አንተ ማን ሆንክና አልኩ።

በማግስቱ ፎቶ ኮፒው ጋ ተገናኘን። የተጠቀለለ ገመድ ይዘሃል። አፈ ጉባኤ አጠገቤ ናት፣ ከኋላዬ መጋዘን ጠባቂው ወረቀቱን ይዞ ተራ ይጠብቃል። "እንዴት አደሩ?" አልከኝና ዓይኔን ዓይኔን አየኸኝ። እንዲህ አይተኸኝ አታውቅም። ምን ይጠብቃል ብዬ አላሰብኩም፤ አኩርፌያለሁ እኮ።

"ደህና። እርስዎስ እንዴት አደሩ?"

እርስዎን ረገጥ አድርጌ ነው ያልኳት። ገመዱን ከአንዱ እጅህ ወደ ሌላው አዛወርክና "ይመስገን" ብለህ ወረድክ። ደግ አደረግኩ ብዬ ነበር፣ ሞት ይርሳኝ። ብዙም ሳይቆይ ቅርንጫፍ ካልላካችሁኝ ብለሃል የሚል ወሬ መጣ። ያመጣችው አፈ ጉባኤ ናት፤ ስትነግረኝ ፊቴን ታጠናለች። እኔም ትዕዛዝ እየተቀበልኩ "ይቅናው" አልኳት።

አሁን ደግሞ ኬላህ ፈርሷል። መድኃኒት ቤቶቹ በመልእክት ካልሆነ አናዝም ሲሉ ገበያው ቀዘቀዘ፤ አለቃችንም የዘጋው ራሱ እንዳልሆነ "ማነው ይሄን የዘጋው?" ብሎ አረፈ። ባንተ ቦታ የመጣችው ልጅ እየዞረች የሁሉንም መስኮት ከፈተች። የኔን ስትከፍት ያ መልሴ ቁጭ ብሏል። ከሥሩ በቀይ "አልተላከም" ይላል።

ልጅቷ "ስለተዘጋ ነው፣ ከእርስዎ ኮምፒውተር ሳይወጣ ቀርቷል። ላጥፋው?" አለችኝ። እንዳትነኪው ብዬ እጇን ያዝኩ። ምስኪን፣ የሠራችው ጥፋት ያለ መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ስለዚህ አንተ ምንም አላነበብክም። እሺ፣ ታዲያ ለምን ሄድክ? ያችን ሳላውቅ መቀመጥ አልቻልኩም። ያንተን አልጋና ቁም ሳጥን ከመድኃኒቱ ካርቶን ጋር ጭኖ የወሰደህን ሾፌር ፈልጌ ጋቢና ውስጥ አገኘሁት። ቡናማ ሹራቡን ለብሶ ሬዲዮ ይሰማል። የአለቃውን ወንበር ጉዳይ የነገረኝ እሱ ነው፤ አንተ ነግረኸው። ከዚያ ሬዲዮውን ቀነሰው።

"ልጄ፣ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያይ ነበር" አለኝ። "ዳገቱ ላይ ስንደርስ 'አንድ ነገር ጠይቄያት ነበር፣ ኮሪደር ላይ ሰው ፊት መለሰችልኝ' አለኝ። ምን አለችህ ብለው 'እርስዎ' አለ። እኔም ታዲያ ምን ትበልህ፣ ጨዋ ሴት ናት አልኩት።"

ጋቢናው ውስጥ አለቀስኩ። ሾፌሩ ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት የመስታወት መጥረጊያ ጨርቅ ሰጠኝ። ዘይት ዘይት ይሸታል፤ እንዲያም ሆኖ አበስኩበት።

እናቴ ደውዪለት ትለኛለች። ቁጥርህን አውጥቼ አየዋለሁ፣ ተመልሼ አስቀምጠዋለሁ። ፈርቼ ብቻ አይደለም። ስልክ ላይ ማን አለ? እኔና አንተ ብቻ ነን፤ እንደዚያችው መስኮት ነው። አንተ የጠየቅኸኝ ሰው ፊት ነው።

ያልደረሰህ መልስ ይኸውልህ፣ አንዲት ፊደል ሳልለውጥ፦ "ዛሬ ሻይ ሰልፍ ላይ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ አንተ፣ ቅደም እልሃለሁ። አፈ ጉባኤም ጆሮዋን ታዘጋጅ።"

ሻይ ሰልፉ ላይ አሁን ማንም ይቅደሙ የሚለኝ የለም። ቶሎ ይደርሰኛል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሾፌሩ ነው። በሚቀጥለው ጭነት ደግሞ እኔ ራሴ አጠገቡ ተቀምጬ እመጣለሁ፤ የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ተፈርሞልኛል። አፈ ጉባኤ የት ልትሄጂ ነው አለችኝ፤ ነገርኳት። ሻይ ሰዓት ሳይደርስ ቢሮው ሁሉ ሰምቶ ነበር።

እየጠበቅኩህ እንደሆነ ከመሰለህ ልክ ነህ፤ ግን አትጨነቅ፣ እዚያ ሆነህ ልብህ ወደ ሌላ ሄዶ ከሆነም አልቀየምህም። ያንን የማውቀው እንዲህ ነው። መኪናው ግቢ ሲገባ እወርዳለሁ። ዘበኛው በሩ ላይ፣ ጫኝና አውራጆቹ ካርቶኑ ላይ፣ ሾፌሩ መሪው ላይ ሆነው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ "አንተ!" ብዬ እጣራለሁ።

"አቤት" ካልከኝ ገብቶኛል። ጤና ይስጥልኝ ብዬህ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ።

"ወዬ" ካልከኝ ሻንጣዬን አወርዳለሁ።

አንቺ የምትላት