ያንን ሲፒዩ የከፈትኩ ዕለት

ለማከብርዎና ለምናፍቅዎ አባባ፣

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ጠብታ በሰዓቱ ያደርጋሉ ወይስ እንደ ልማድዎ «ነገ፣ ነገ» እያሉ ነው? እማዬስ ደም ግፊቷ መለስ አለላት? የእኔን ነገር ከጠየቁ ጤናዬ ሙሉ ነው፤ የሚያስቸግረኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው። ዛሬ ግን እሱንም ወደ ጎን ትቼ ልኩራራብዎት ነው የተቀመጥኩት። ይታገሡኝ።

እንደሚያውቁት በማተሚያ ቤቱ የእኔ ሥራ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ገጹን በኮምፒውተር ማቀናበር ነው። ኮምፒውተሬ እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበረ፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ሽማግሌ ነው። ለደብዳቤና ለመጥሪያ ካርድ አያንስም ነበር። ችግር የመጣው አንድ ትምህርት ቤት የሃምሳ ዓመት ታሪኩን በሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ፎቶግራፍ በፎቶግራፍ አድርገን እንድናትምለት ሲሰጠን ነው። አርባኛው ገጽ ላይ ስደርስ ስታክ ያደርጋል። አጥፍቼ አስነሳዋለሁ፤ አርባ ላይ እንደገና ድርቅ!

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሁለት ሳምንት ታገሠኝ። ሰኞ ጠዋት መጥቶ እስከ ዓርብ ካልተቃና የገጹን ሥራ ለሌላ ድርጅት እንደሚሰጥ፣ ኮምፒውተሩም ጠረጴዛውም ወጥተው ቦታው የወረቀት ማከማቻ እንደሚሆን ነገረኝ። ስለ እኔ ምንም አላለም። ግን ጠረጴዛው ከወጣ እኔ የት ልቀመጥ ነው?

ማክሰኞ የኮምፒውተር ጠጋኝ ተጠራ። ክዳኑን እንኳ ሳይነካ ይሄማ ዕድሜውን ጨርሷል፣ ጣሉት ብሎ ሄደ። ባለሙያ ነኝ ባይ ሳይከፍት ሲፈርድ እንዴት ደምዎ እንደሚፈላ አውቃለሁ፤ የእርስዎ ቁጣ እኔ ላይ ወጣና ሳልከፍተውማ አልጥለውም አልኩ።

ሳነብና ሳጠያይቅ ችግሩ ራም የሚሉት ነገር ሆኖ አገኘሁት። በሚገባዎት ላስረዳዎት፤ የኮምፒውተሩ መሳቢያ ሰፊ ነው፣ የሚሠራበት ጠረጴዛው ግን ጠባብ ነው። እርስዎ ለጥገና የመጡ አምስት የእጅ ሰዓቶች በአንዴ ፈታተው ቢዘረጉበት ብሎኑ ሁሉ መሬት አይወድቅም? ራም መጨመር ማለት ጠረጴዛውን ማስፋት ነው።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሲፒዩ የሚሉትን ሣጥኑን ከመብራት ነቀልኩት፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትቼ ክዳኑን አነሳሁ። አቤት አቧራ! ብርድ ልብስ ይወጣው ነበር። በብሩሽ ጠረግሁና፣ እንዳስተማሩኝ ከመንቀሌ በፊት ሁሉም ምን ላይ እንደነበረ በወረቀት ሣልኩ። አሮጌዋ ራም እንደ ማበጠሪያ ቀጭን ናት፣ ጥርሷ ግን ወርቃማ ነው። በመሐረብ ጠቅልዬ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ሄድኩና የዚችን ታላቅ እህት ስጠኝ አልኩት። ሻጩ ጎን ለጎን አስተያይቶ ሁለት ሰጠኝ። ሁለት ጊጋ የነበረው ስምንት ሊሆን ነው።

ሐሙስ እስትንፋሴን ውጬ በቦታቸው አስቀመጥኳቸውና አበራሁት። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ! ስክሪኑ ጨለማ። አውጥቼ መለስኳቸው፤ ያው ጢጥታ። ባለቤቱ ከቢሮው ብቅ ብሎ አየኝና ተመለሰ። ያኔ ልቤ ከዳኝ አባባ። እያዘገመም ቢሆን ይሠራ የነበረውን ሽማግሌ እኔው በእጄ ገደልኩት አልኩ።

ሁላችን ምላጭ እያልን የምንጠራት ወረቀት ቆራጯ እጇን በጨርቅ እየጠረገች አጠገቤ ቆመች። እንደገና ሳስገባ አይታ «አንቺ፣ እንቁላል ነው እንዴ የያዝሽው? ጫን በይው እንጂ!» አለችኝ። እምቢ ያለን ነገር አላስገድድም አልኳት። ማን እንዲህ እንዳስተማረኝ ጠየቀች፤ አባቴ ሰዓት ሠሪ ናቸው ስላት እስኪያስነጥሳት ሳቀች።

እውነቷን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እጅሽን አቅልይ ሲሉኝ ኖረው፣ ያቺን ራም እንደ ሰዓት ጥርስ በሁለት ጣቴ አሳርፌ ትቻት ነበር። እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ፣ በዚያ ቀን አልታዘዝኩዎትም። በሁለት አውራ ጣቴ፣ ከላይ እኩል፣ ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩ። በግራ ቀጭ! በቀኝ ቀጭ! መያዣዎቹ ራሳቸው ተነስተው ግጥም አድርገው ያዟት። ሁለተኛዋንም እንዲሁ አደረግኋት።

አበራሁት። አንዲት ጢጥ ብቻ፣ ከዚያ ስክሪኑ ቦግ አለ፤ ስምንት ጊጋ ይላል! መጽሐፉን ከፈትኩ። አርባ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጥ አርባ አንድ ላይ ነኝ። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት! በሥራ ቦታ፣ ሰው ፊት፣ እልል አልኩ አባባ። ምላጭም ተቀበለችኝ። ባለቤቱ ደንግጦ ወጣ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ገጹን ሲያገላብጥ ቆየና ለዚያ ድርጅት ደውሎ ሥራው እዚሁ እንደሚያልቅ ነገራቸው። ቀጥሎ የእሱንም ኮምፒውተር እንድከፍትለት ለመነኝ። ጊዜ የለኝም ብዬ ትንሽ ተኮፈስኩበት፤ በኋላ እሺ አልኩ።

እማዬን አገላብጠው ይሳሙልኝ። ታናሽ ወንድሜ አንዳንዴ እንኳ እንዲጽፍልኝ ይቆጡልኝ። ለሚስቱና ለመንትዮቹ ሰላምታዬን ያድርሱ። አክስቴ ጆሮዋ ስለሚያስቸግራት ጮክ ብለው ያንብቡላት፤ እልል ያልኩበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ይድገሙላት።

መጽሐፉ ዛሬ ጠዋት ታትሞ ወጣ። የመጨረሻዋን ገጽ አጥፌ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ማጉያ መነጽርዎን አድርገው ከታች ሦስተኛዋን መስመር ይዩ። «የገጽ ቅንብር» ይላል፤ ከዚያ የእኔ ስም፣ ከእኔ ቀጥሎ የእርስዎ። በሺህ ቅጂ ታትመናል አባባ።

ልጅዎ

ከዚያው ጠረጴዛዬ ላይ
መጋቢት 9 ቀን